በረራው ሲዘገይ የማወቅ መብት

ኦገስት 2009 ላይ ከሂዩስተን ወደ ሚኒያፖሊስ ይበር የነበረ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ነጎድጓድ መንገዱን ዘጋበትና ሮቸስተር፣ ሚኔሶታ አረፈ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ካልጠቀስኩ በስተቀር የፈረንጆቹ ናቸው።) ጊዜው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ውስጡ 47 ተሳፋሪዎች አሉ፤ ሕፃናትም አሉበት። ተርሚናሉ ከመስኮቱ ይታያል፤ በእግር ቢሄዱ የአንድ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ግን እስኪነጋ ድረስ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ማንም መውረድ አልቻለም። ይህ ነው የሚባል ምግብ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ሸተተ። ልጆች አለቀሱ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ መጀመሪያ የምንወቅሰው ካፒቴኑን ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲመረምረው ግን የበረራው ሠራተኞች ሰዎቹን ለማውረድ ደጋግመው ጠይቀው እንደነበር ታወቀ። ኤርፖርቱ ላይ የነበረው የሌላ አየር መንገድ ተወካይ ነው «ፈታሾቹ ወደ ቤታቸው ስለሄዱ ማውረድ አይቻልም» ብሎ የመለሰው። ይህ መረጃ የተሳሳተ ነበር። ሰዎቹ ከተፈተሹት ክልል ሳይወጡ ተርሚናሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ማደር ይችሉ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሦስት ኩባንያዎች በድምሩ 175,000 ዶላር ተቀጡ። ተሳፋሪን አስፋልት ላይ አግቶ በማቆየት ቅጣት ሲጣል ያ የመጀመሪያው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ነጎድጓዱ ለማውራት አይደለም። ነጎድጓዱን ያመጣው ማንም አይደለም፤ አውሮፕላኑን ያሳረፈው ሰውም ትክክል ነበር። ያን ሌሊት የከፋ ያደረገው አንድ የተሳሳተ ወሬ ነው። ትክክለኛው መረጃ በሰዓቱ ለትክክለኛው ሰው ቢደርስ ኖሮ 47 ሰዎች ተርሚናል ውስጥ ውኃ ጠጥተው፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ቤታቸው ደውለው ያድሩ ነበር።

ስለ አየር መንገድ ሕግ ስናወራ ሁላችንም ቶሎ ወደ ካሳው እንሮጣለን። «ስንት ዩሮ ነው የሚከፍሉት?» «ስንት ሰዓት ሲሆን ነው የሚጀምረው?» ካሳ ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላም። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም መብት አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የማወቅ መብት ነው። ዝናብና በረዶ አየር መንገዱን ከገንዘብ ሊያድኑት ይችላሉ። አፉን ለመዝጋት ግን ሰበብ ሊሆኑት አይችሉም። ምንም ያህል ማዕበል ቢሆን «ማዕበል ነው፤ በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት አንነሣም» ብሎ መናገር የሚከለክለው የለም። በሕጎቹ ውስጥ በጣም የምወደው ነገርም ይሄው ነው፤ ጥሩዎቹ ሕጎች ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተው ያስቀምጣሉ።

ነገሩ እንዴት ወደ ሕግ እንደመጣ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በነፃ አልመጣም። ዲሴምበር 29 ቀን 2006 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ዳላስ የሚሄድ አንድ በረራ በማዕበል ምክንያት ኦስቲን፣ ቴክሳስ አርፎ ተሳፋሪዎቹ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ አስፋልት ላይ ተቀመጡ። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ኬት ሃኒ ናት፤ የካሊፎርኒያ የቤት ሽያጭ ወኪል። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዋን ትታ የተሳፋሪዎች መብት ንቅናቄ አቋቋመች፤ ለዓመታት የምክር ቤት አባላትን በር አንኳኳች። ከወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2007፣ ኒው ዮርክ ጄ.ኤፍ.ኬ. ኤርፖርት ላይ በበረዶ ምክንያት የጄትብሉ አውሮፕላኖች ሰው እንደጫኑ ለረጅም ሰዓታት ቆሙ፤ አንዳንዶቹ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ። አገር አወቀው። ከዚያ ሮቸስተር መጣ።

በዚያው በ2009 ዲሴምበር ላይ መንግሥት ደንቡን አወጀ፤ ኤፕሪል 2010 ሥራ ላይ ዋለ። በአገር ውስጥ በረራ ከሦስት ሰዓት በላይ ሰውን አስፋልት ላይ ማቆየት ተከለከለ፤ የደህንነት ወይም የኤርፖርቱን ሥራ የሚያውክ ጉዳይ ካልገጠመ በስተቀር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምግብና ውኃ ማቅረብ፣ ሽንት ቤቱ እንዲሠራ ማድረግ ግዴታ ሆነ። በ2011 ደግሞ ለዓለም አቀፍ በረራዎች አራት ሰዓት ተብሎ የውጭ አየር መንገዶችም ተካተቱ። ወዲያው አየር መንገዶቹ «በረራ እየሰረዝን እናልቃለን» ብለው ጮኸው ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ችካጎ ኦሄር ውስጥ 15 በረራዎችን ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆየው አሜሪካን ኢግል 900,000 ዶላር ተቀጣ። ከዚያ በኋላ ቀልድ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው።

ስለ ሦስት ሰዓቱ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ከ2011ዱ ደንብ ጋር የመጣውን ሌላውን ግዴታ ነው። አንድ አየር መንገድ በረራው 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ፣ እንደተሰረዘ፣ ወይም ሌላ ቦታ እንዳረፈ ካወቀ፣ ባወቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ መናገር አለበት። በረራው ሊነሣ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ማለት ነው። በመሳፈሪያው በር ላይ፣ በድረ ገጹ ላይ፣ ስልክ ደውሎ ለጠየቀም ሰው። ወደ አሜሪካ የሚገቡና ከአሜሪካ የሚወጡ የውጭ አየር መንገዶችንም ይመለከታል።

ልብ በሉ፣ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አየር መንገዱ ካወቀበት ቅጽበት ነው። ለመናገር ከተመቸው ወይም እርግጠኛ ከሆነበት ሰዓት አይደለም።

ሌላም አለ። አየር መንገዱ የበረራ ሁኔታን በስልክ መልእክት ወይም በኢሜይል የማሳወቅ አገልግሎት ካለው፣ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ መላክ አለበት፤ የሚመዘገበውም ተሳፋሪው ብቻ አይደለም፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ሰውም ይችላል። ይህች አንዲት ሐረግ ለእኛ ሰው ወርቅ ናት። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት የመጪ መንገደኞች መውጫ ላይ አበባ ይዞ የሚቆመውን ሰው አስቡት። እናቱ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው። ሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያወጣለት ሰው ለምኗል፤ ለፓርኪንግ በየሰዓቱ ይከፍላል። ይህ ሰው ትኬቱ ላይ ስሙ የለም። ግን መዘግየቱ እሱንም ይመለከታል፤ ሕጉም የሚቀበለውን ሰው አልረሳውም።

በአሜሪካው ደንብ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከ2011 ጀምሮ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ አስፋልት ላይ ለቆመ ሰው በየ30 ደቂቃው ሁኔታው እንዲነገረው ያዝዝ ነበር። በ2021 ይህ ላላ። አሁን መዘግየቱ 30 ደቂቃ ሲያልፍ አንድ ጊዜ መናገር ግዴታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለአየር መንገዱ ውሳኔ ተተወ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ «አዲስ ነገር የለም» እያሉ መደጋገም ሰው ያሰለቻል፣ ተኝቶ ያለውንም ይቀሰቅሳል ብለው ነው። እኔ ግን አልስማማም። ጠባብ ወንበር ላይ በሩ ተዘግቶበት የተቀመጠ ሰው «አዲስ ነገር የለም» የሚለውን ቃል ይፈልገዋል። አልተረሳሁም ማለት ነውና። ካፒቴኑ እዚያው እንዳለ፣ ሰው እየጠየቀለት እንደሆነ ያውቅበታል።

በዚህ በኩል ካናዳ ትበልጣለች።

የካናዳም ሕግ ከመከራ ነው የወጣው። ጁላይ 31 ቀን 2017 ከብራሰልስና ከሮም ወደ ሞንትሪያል የሚበሩ ሁለት የኤር ትራንሳት አውሮፕላኖች በአየር ጠባይ ምክንያት ኦታዋ አረፉ። የብራሰልሱ ስድስት ሰዓት ገደማ ቆመ። ሙቀት ነበር፣ ውኃ አለቀ፤ በመጨረሻ ተሳፋሪዎች ራሳቸው 911 ደወሉ። ከአውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ፖሊስና አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ምን ያህል ተስፋ እንደቆረጠ አስቡ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት 295,000 የካናዳ ዶላር ቅጣት ወሰነ፤ ኩባንያው ለተሳፋሪዎቹ የከፈለው ካሳ ከዚያው ላይ እንዲታሰብለት አድርጎ። በ2019 የአየር መንገደኞች ጥበቃ ደንብ በሁለት ዙር ሥራ ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ጁላይ፣ ሁለተኛው ዲሴምበር ላይ።

ያ ደንብ ስለ መረጃ የሚለውን እያንዳንዱን ነገር እወደዋለሁ። በረራ ሲዘገይ አየር መንገዱ ምክንያቱን መናገር አለበት። ተሳፋሪው ምን ካሳና ምን እንክብካቤ እንደሚገባው፣ ወዴት አቤት ማለት እንደሚችል ጭምር። አዲስ የመነሻ ሰዓት እስኪቆረጥ ወይም ተሳፋሪው ሌላ በረራ እስኪያገኝ ድረስ በየ30 ደቂቃው ያለበትን ሁኔታ ማሳወቅ አለበት። አዲስ ነገር ከመጣ ደግሞ ግማሽ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ወዲያው። በድምፅ መነገር አለበት፤ ከተጠየቀ በሚታይ ጽሑፍም። ከዚያ ላይ ተሳፋሪው በመረጠው መንገድ፣ በኢሜይልም ይሁን በስልክ መልእክት፣ ይላክለታል። ይህ ሁሉ ወደ ካናዳ የሚገባን፣ ከካናዳ የሚወጣን፣ እዚያው ውስጥ የሚበርን በረራ በሙሉ ይመለከታል። ቶሮንቶ–አዲስ አበባ የምትመላለሱ ሰዎች፣ ይህ የእናንተም ሕግ ነው።

ምክንያቱን የመናገር ግዴታ ቀላል አይምሰላችሁ። በካናዳ ካሳ የሚከፈለው መዘግየቱ በአየር መንገዱ ቁጥጥር ሥር ከሆነና ከደህንነት ጋር ካልተያያዘ ነው። በትልልቅ አየር መንገዶች ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ለዘገየ 400፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት 700፣ ከዚያ በላይ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው። ስለዚህ «ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ገንዘብ ያወጣል። ምክንያቱ ካልተነገራችሁ የሚገባችሁን መጠየቅ እንዴት ትችላላችሁ? የማወቅ መብት ከካሳው ይቀድማል ስል አንዱ ምክንያቴ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምንድን ነው የማይናገሩት?

ክፋት ነው ብዬ አላስብም። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የምታውቀው ኮምፒውተሩ የሚነግራትን ብቻ ነው። ውሳኔው ሌላ ከተማ፣ የአየር መንገዱ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ነው የሚሰጠው። እዚያ ያሉት ሰዎች አውሮፕላኑ የት እንዳለ ያያሉ፤ የፓይለቶቹ የሥራ ሰዓት መቼ እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ለዚያ በረራ የሰጡትን አዲስ ሰዓት ያውቃሉ። ግን «ሁለት ሰዓት ይዘገያል» ብለው ካወጁ ሰው ይበተናል፤ አንዱ ሬስቶራንት ይገባል፣ አንዱ ወደ ሌላ ተርሚናል ይሄዳል። ድንገት ሁኔታው ተሻሽሎ በአርባ ደቂቃ መነሣት ቢቻልስ? መንገደኛው የለም። ስለዚህ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ማዘግየት ይቀላቸዋል። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ሌላ ሠላሳ። ከዚያ ሌላ። ሰው በሩ ላይ እንደታሰረ ይውላል።

ይህ ለእነሱ ምቾት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ምሽት እኔም እንዲሁ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰሌዳው «በሰዓቱ» ይላል። እጄ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ የምንሳፈርበት አውሮፕላን ገና ከሌላ ከተማ እንዳልተነሣ ያሳያል፤ አውሮፕላኖች የት እንዳሉ በሚያሳየው በፍላይትራዳር ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ሄጄ ጠየቅኩ። «ሲስተሙ በሰዓቱ ነው የሚለው» አለችኝ፣ በትሕትና። አጠገቤ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ፤ የሚቀጥለው በረራቸው የዚያ ቀን የመጨረሻው ነበር። በዚያ ሰዓት ወደዚያው ከተማ የሚሄድ ሌላ አውሮፕላን ከሁለት በር ወዲያ ሰው እየጫነ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ነው መዘግየቱ የተነገረው። አዛውንቶቹ ሆቴል ፍለጋ ሄዱ። ያ በረራ የዘገየበት ምክንያት የአየር ጠባይ ነበር፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። የነጠቃቸው ግን ማዕበሉ አይደለም። ሳይነገራቸው ያለፈችው ያቺ አንድ ሰዓት ናት። ቢነገራቸው በዚያኛው በር ሮጠው መቀመጫ መጠየቅ ይችሉ ነበር።

«እርግጠኛ ሳንሆን ብንናገር ሰው እናሳስታለን» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ሕጉ ትንቢት አልጠየቀም። የምታውቀውን ንገር ነው ያለው። «አውሮፕላኑ ገና አልደረሰም፤ ሰዓቱን አናውቅም፤ ከበሩ አትራቁ» ሙሉ መረጃ ነው። አዋቂ ሰው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ራሱ ይወስናል።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከ2005 ጀምሮ ይሠራል፤ ሰው የሚያውቀው በ250፣ 400 እና 600 ዩሮዎቹ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣን ማንኛውንም አየር መንገድ ይመለከታል፤ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ከሆነ ግን አየር መንገዱ የኅብረቱ መሆን አለበት። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በየትኛውም አየር መንገድ ብትበሩ ሕጉ አብሯችሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስትመለሱ በሉፍታንዛ ከሆነ አለ፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የለም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ደንቡ መረጃን በተመለከተ ሁለት ጠንካራ ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ በረራው ሁለት ሰዓት ከዘገየ አየር መንገዱ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መብቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ቼክ ኢን ላይም በረራ ቢሰረዝ ወይም ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ተሳፋሪው ያንን ጽሑፍ እንዲጠይቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፍ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ በረራ ሲሰረዝ «ነግሬዋለሁ» የሚል አየር መንገድ መቼ እንደነገረ ራሱ ማስረዳት አለበት። ተሳፋሪው «አልተነገረኝም» የሚለውን እንዲያረጋግጥ አይገደድም።

ሁለተኛው ነጥብ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2017 የአውሮፓ ፍርድ ቤት አሳየ። አንድ ሰው ከአምስተርዳም ወደ ፓራማሪቦ፣ ሱሪናም፣ ትኬት የገዛው በኢንተርኔት የጉዞ ወኪል በኩል ነው። አየር መንገዱ በረራው መሰረዙን ከወር በፊት ለወኪሉ ነግሯል። ወኪሉ ግን ለተሳፋሪው የነገረው አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ሕጉ ከሁለት ሳምንት በፊት ካልተነገረ ካሳ ይከፈላል ይላል። አየር መንገዱ «እኔ በጊዜው ተናግሬያለሁ» አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ለወኪል መንገር ለተሳፋሪ መንገር አይደለም፤ 600 ዩሮውን ክፈል አለው።

ይህን ፍርድ ሳነብ አክስቴ ናቸው ትዝ ያሉኝ። የኛ ሰው ትኬት የሚቆርጠው በሚያውቀው የሐበሻ ትኬት ቢሮ ነው፤ በአማርኛ ስለሚያወሩት፣ በዱቤም ስለሚሰጡት፣ ሻንጣውንም ስለሚያስረዱት። እነሱን አልነቅፍም፤ ብዙ ሰው ያለ እነሱ አገሩን አያይም ነበር። ግን ትኬቱ ላይ የሚገባው ስልክና ኢሜይል ብዙ ጊዜ የቢሮው ነው። የአክስቴ የመመለሻ በረራ ሲቀየር መልእክቱ የሄደው ወደዚያ ነው። ቢሮው እሑድ ዝግ ነው። አክስቴ የሰሙት ሻንጣቸውን ይዘው ኤርፖርት ከደረሱ በኋላ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ደግሞ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ትኬቱን የሚቆርጠው አሠሪው ወይም ኤጀንሲው ነው። ስልኩም የእነሱ ነው። በረራው ቢዘገይ መልእክቱ የሚደርሰው እሷን ኤርፖርት በር ላይ አውርዶ ወደ ቤቱ ለተመለሰ ሰው ነው። እሷ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ሰው ሲነሣ ትነሣለች፣ ሰው ሲቀመጥ ትቀመጣለች። ሕጉ በወረቀት ላይ ተፈጽሟል፤ እሷ ግን ምንም አታውቅም። በየአገሩ ያሉ ደንብ አውጪዎች «አሳውቅ» ሲሉ «ለሚጓዘው ሰው ለራሱ እንዲደርስ አድርግ» ማለት አለባቸው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

የአውሮፓው ማስታወቂያ ደግሞ «ጠይቁ» ይላል። ጥያቄ ለእናቶቻችን ቀላል አይደለም። ይሉኝታ አለ። ሰልፍ አቋርጦ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፊት ቆሞ፣ በማይችሉት ቋንቋ «መብቴ የተጻፈበትን ወረቀት ስጡኝ» የሚሉ እናት እኔ አላየሁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ ይላሉ፤ «እግዜር ያውቃል» ብለው። ጠይቆ በሚያገኝ ላይ ብቻ የቆመ መብት ለእሳቸው ሩቅ ነው። ሳይጠየቅ የሚነገር ይሻላል፤ ካናዳን ያስመረጠኝ አንዱ ነገር ይሄ ነው።

የቋንቋው ነገር አሁንም አልተፈታም። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ። ለእኛ እናት ሁሉም አንድ ነው። ግን በሕጎቹ ውስጥ መንገዱ ተከፍቷል። የአውሮፓው ደንብ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መረጃው በሌላ ተስማሚ መንገድ እንዲቀርብ ያዛል። የካናዳው አካል ጉዳተኞች ከሚጠቀሙበት መሣሪያ ጋር የሚስማማ መንገድ ይላል። ሕጉ በዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ነገር አምኗል፦ መረጃ ተነገረ የሚባለው ሰሚው ሊቀበለው በሚችል መልክ ሲደርሰው ነው። ይህ ካልን ደግሞ አንድ አውሮፕላን ሙሉ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ መርሳት አይቻልም። አጭር የስልክ መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ መላክ ዛሬ ከባድ ሥራ አይደለም።

ዝናቡ ከገንዘቡ እንጂ ከግዴታው ሁሉ አያድንም ላልኩት ጥሩ ምስክር አለኝ። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ዘጋ። አንዲት ተሳፋሪ ፋሮ፣ ፖርቱጋል ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ሳታስበው ቆየች፤ ለምግብ፣ ለማደሪያና ለመጓጓዣ ወደ 1,130 ዩሮ አወጣች። አየር መንገዷ ራያንኤር «ይህ እኮ ከልዩ ሁኔታም በላይ ልዩ ነው» ብሎ ተከራከረ። በጃንዋሪ 2013 የአውሮፓ ፍርድ ቤት እሳተ ገሞራም ቢሆን ተሳፋሪን የመንከባከብ ግዴታን አያስቀርም ብሎ ወሰነ። ካሳ አይጠየቅም፤ ምግብና ማደሪያ ግን ይጠየቃል። ለምግቡ እንዲህ ከተባለ ምንም ወጪ ለማያስወጣው ቃል ምን ሊባል ነው?

ወደ አገራችን ልምጣ። ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። የስምምነቱ አንቀጽ 19 አየር መንገዱ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚቻለውን ተገቢ እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካላስረዳ በስተቀር። በጊዜ መናገር ከእነዚያ እርምጃዎች የመጀመሪያው ነው ብዬ እከራከራለሁ። በ2006 ዓ.ም. (በእኛው አቆጣጠር) የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። የምፈልገው በላዩ ላይ ሰዓት እንዲቀመጥ ነው። ናይጄሪያ በሲቪል አቪዬሽን ደንቧ አስቀምጣለች፤ የአገር ውስጥ በረራ ሲዘገይ አየር መንገዱ ከመነሻው ሰዓት በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ምክንያቱን መናገር አለበት።

ለእኛ የሚያስፈልገው የአገር ውስጥ በረራ ላይ ነው በይበልጥ። ክረምት ላይ ደመናው ወርዶ ተራራውን ሲሸፍን አውሮፕላን መቆሙ ተገቢ ነው፤ ሰው በሰላም ይግባ። ግን ለቅሶ ሊደርስ ከሌሊት ጀምሮ ቦሌ የተቀመጠ ሰው፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ታማሚ ከጎንደር፣ ለሠርግ ወደ ጅማ የሚሄድ ሚዜ፣ እያንዳንዱ በግማሽ ሰዓት መረጃ የሚወስነው ነገር አለው። ቀብሩ ይጠበቅ ወይ ይቀጥል ብሎ ቤተሰብ የሚወስነው በዚያች ስልክ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እንጠቀም። ትኬት ሲቆረጥ የሚጓዘውን ሰው የራሱን ስልክ፣ ከተቻለም የአንድ ልጁን ኢሜይል አስገቡ፤ ትኬት ቢሮው ቅር አይለውም። ወላጆቻችሁን ስትልኩ ወይም ስትቀበሉ ለበረራው መልእክት እናንተም ተመዝገቡ። ቅሬታ ካላችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ከአሜሪካ ለሚነሣ ወይም ወደ አሜሪካ ለሚገባ በረራ አየር መንገዱ የጽሑፍ ቅሬታ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩን የሚመለከት መልስ መስጠት አለበት። በካናዳ ካሳ ለመጠየቅ አንድ ዓመት አላችሁ፤ አየር መንገዱ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል ወይም ለምን እንደማይከፍል ይገልጻል። መልሱ ካላረካችሁ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይኬዳል።

ስትጽፉ የዘገየውን ሰዓት ብቻ አትጻፉ። ሰሌዳው ላይ ምን ይል እንደነበር ፎቶ አንሡ። መጀመሪያ መቼ እንደተነገራችሁ፣ ማን እንደነገራችሁ፣ ምን ምክንያት እንደሰጡ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ዝም እንዳሉ ጻፉ። ቅሬታው የእናታችሁ ከሆነ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገራቸውም ጨምሩበት።